ስምንት ቅዳሜ ለአንድ እልኸኛ ልጅ፦ ደሴ ላይ የወሰድነው የወላጆች ሥልጠና እንዴት ነበር?

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር እኔና ባለቤቴ ደሴ ከተማ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ፎቅ ላይ፣ የልጃቸው ፀባይ ላስቸገራቸው ወላጆች የተዘጋጀ የስምንት ሳምንት ሥልጠና ወስደናል። ሥልጠናው ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት የሚሰጥ ሲሆን፣ ክፍያው ለአንድ ቤተሰብ 1,800 ብር ነው፤ እናትና አባት አብረው ቢመጡ ተጨማሪ አይጠየቁም። ይህን የምጽፈው ሥልጠናው ካለቀ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ የልጅ ፀባይ ለአንድ ሰሞን ተሻሽሎ ተመልሶ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ያየሁት ለውጥ ሥር መስደዱን ሳላረጋግጥ ሌላውን ወላጅ ገንዘቡንና ጊዜውን እንዲያወጣ መምከር አልፈለግሁም። የሥልጠና ቤቱን ስም ያልጠቀስሁት አብረውን የሠለጠኑት ወላጆች በክፍሉ ውስጥ የተናገሩት ሁሉ እዚያው እንዲቀር ቃል ስለተገባባንና፣ በእኛ ከተማ ቤቱ ከታወቀ ሰውም መታወቁ ስለማይቀር ነው።

ልጃችን ሰባት ዓመቱ ነው። ሲስቅ ቤቱን የሚሞላ፣ ለጎረቤት ሁሉ የሚላላክ ልጅ ሲሆን፣ እምቢ ያለ ዕለት ግን የሚመልሰው አልነበረም፤ ታናሽ እህቱን ይመታል፣ በእጁ ያለውን ይወረውራል፣ ሲጠሩት ወደ መንገድ ይሮጣል፣ ከየት እንደሰማው በማናውቀው ስድብ አያቱን ይሳደባል። ለመመዝገብ የወሰንነው በአንድ ዓርብ ማታ ነው። እናቴ ቡና አፍልታ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ለዱዓ ሁላችንም እጃችንን በዘረጋንበት ሰዓት ስልኬን ቢጠይቀኝ ከለከልሁት፤ ጫማውን አውልቆ ሲወረውር ረከቦቱ ላይ አረፈና ሦስት ሲኒ ሰበረ። ተነሥቼ ሁለት ጊዜ መታሁት። ሴት ልጄ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ ጆሮዋን ይዛ ተቀመጠች። እናቴ የተዘረጋ እጇን ሳታጥፍ ቀና ብላ አየችኝና «እሱ ጫማ ወረወረ፣ አንተ እጅህን ወረወርህ፤ ማን ማንን እያስተማረ ነው?» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኛ ያደግነው በኩርኩምና በአለንጋ ነው፤ በርበሬ የታጠንንም አለን። ወላጆቻችን የሚያውቁትን አደረጉ፤ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ያ ቅጣት እኔን ምን እንዳስተማረኝ ሳስብ፣ አባቴ ሲመጣ መደበቅን ካልሆነ በቀር ሌላ ትዝ የሚለኝ የለም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሁለት ሰዎች የነበርን ሲሆን ወንዶቹ ሦስት ብቻ ነበርን፤ ይህ ራሱ ብዙ ይናገራል። አሠልጣኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ሌላው ለረጅም ጊዜ ያስተማረ መምህር። ምክር እንጠብቅ ለነበርነው ሰዎች የሰጡን ደብተር ነበር። በሦስት ዓምድ ተከፍሎ፣ በመጀመሪያው ልጁ ከመረበሹ በፊት የሆነውን፣ በሁለተኛው እሱ ያደረገውን፣ በሦስተኛው ደግሞ ከዚያ በኋላ እኛ ያደረግነውን ለአንድ ሳምንት እንድንጽፍ ታዘዝን። ቅጣትም፣ ቁጣም፣ ምክርም እንዳንለውጥ፣ የወትሮውን እያደረግን እንድንመዘግብ ብቻ ነበር የተነገረን። ብዙዎቻችን ቅር ብሎን ወጣን። እኔም ለዚህ ነው እንዴ ገንዘብ የከፈልሁት ብያለሁ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ግን ደብተሩ ላይ 17 ግጭት ተመዝግቦ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ 11ዱ የተፈጠሩት ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ደክሞትና ርቦት ይመጣል፤ እራት ገና ነው፤ እኔ ከሥራ ስመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የቤት ሥራውን ነው። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር ስንት ዓመት በዓይናችን ሥር ሲያልፍ እንደኖረ ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲመጣ ዳቦና ሻይ ይቀርብለታል፤ ስለ ደብተር የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ብቻ የግጭቱ ቁጥር ቀነሰ።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ሦስተኛው ዓምድ ነው። «ስልክ ተሰጠው»፤ «አያቱ ብስኩት ሰጠችው»፤ «ጮኽሁበት፣ ከዚያ አዝኜ አቀፍሁት»፤ «መታሁት፣ የቤት ሥራው ቀረ»። አሠልጣኟ ይህን ያብራራችው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ለብዙ ዓመታት ቤተሰቦችን በየቤታቸው እየተከታተለ ያጠናውን ጄራልድ ፓተርሰን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠቅሳ ነው። ወላጅ ያዝዛል፤ ልጅ እምቢ ብሎ ይጮኻል፤ ወላጅ ጩኸቱን ለማብረድ ሲል ትእዛዙን ይተዋል፤ ልጁም ጩኸት እንደሚያዋጣ ይማራል። በሌላ ቀን ደግሞ ወላጁ ከልጁ በላይ ይጮኻል ወይም ይመታል፤ ልጁ ለጊዜው ጸጥ ይላል፤ ወላጁም ዱላ እንደሚያዋጣ ይማራል። እንዲህ እየተማማሩ ሲሄዱ የአንዱም ጩኸት የሌላውም ዱላ ከወር ወደ ወር ከፍ እያለ ይሄዳል። ይህን ስሰማ የዓርብ ማታው ረከቦት ፊቴ ላይ መጣ።

ሁለተኛው ሳምንት ጨዋታ ነው፦ በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ ልጁ የመረጠውን ጨዋታ፣ እሱ እየመራ፣ ወላጅ ሳያዝ፣ ሳይጠይቅና ሳያስተምር አብሮ መጫወት። ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ከስምንቱ ሳምንት ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር። ብይ ይዘን ግቢ ውስጥ ስንቀመጥ በሁለት ደቂቃ ውስጥ «እንዲህ አድርገህ ያዘው»፣ «ስንት ሆነ? ቁጠራቸው እስቲ» ማለት ጀመርሁ፤ ልጁ ብዮቹን ሰብስቦ ተነሣ። አራት ወይም አምስት ቀን ከተለማመድሁ በኋላ ግን፣ አንድ ማታ ብዩን ጭቃ ውስጥ እየቀበረ «አባዬ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት አልቅሼ ነበር» አለኝ። ሳልጠይቀው የነገረኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ስለ ሦስተኛው ሳምንት ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ የሥልጠናው ብርታትም ድካሙም የታየኝ እዚህ ላይ ነውና። ርእሱ ምስጋና ነበር። ልጅ ጥሩ ነገር ሲያደርግ በደፈናው «ጎበዝ» ከማለት ይልቅ ያደረገውን ለይቶ ጠርቶ ማመስገን እንደሚገባ ተነገረን፤ «ጫማህን ሳልነግርህ በቦታው ስላስቀመጥህ ደስ ብሎኛል» እንደ ማለት። የተሰጠን ወረቀት ላይ ያሉት ምሳሌዎች ከሌላ ቋንቋ የተተረጎሙ መሆናቸው ያስታውቃል፤ በአፋችን ስንለማመዳቸው ክፍሉ በሙሉ እንደ ዜና አንባቢ ሆነ። ከዚያ አንዲት እናት እጇን አውጥታ «ልጄን ፊት ለፊት አመስግኜ ዓይን ላስገባበት ነው?» ብላ ከልቧ ጠየቀች። አሠልጣኞቹ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልነበራቸውም። መልሱን የሰጠቻት አጠገቧ የተቀመጠች ሌላ እናት ናት፤ «ማሻአላህ ብለሽ ጀምሪያ፤ አንቺም በእምነትሽ ተመስገን በዪ፣ ከዚያ የሠራውን ንገሪው» አለቻት። ጉዳዩ እዚያው ተፈታ።

እኔ እቤት ስገባ ግን የተማርሁትን ነገር እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው እንደኖረች አስተዋልሁ። ማዕድ ሲቀርብ ማስታጠቢያውን ይዞ ትልልቆቹን የሚያስታጥብ ልጅ ከእያንዳንዱ እጅ «እደግ፣ ተመንደግ» የሚል ምርቃት ይቀበላል፤ ምርቃቱ የሚመጣው ወዲያው፣ በሠራው ሥራ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። በወረቀት ላይ በሦስት ገጽ የተብራራው ከዚህ ብዙም የተለየ አይደለም። እናቴን «እንግዲህ እህቱን ሳይመታ ባለፈ ቁጥር መርቂው፤ ለምን እንደመረቅሽውም ንገሪው» አልኋት። «ይሄማ ምን ሥልጠና ያስፈልገዋል» አለችኝና በማግስቱ ጀመረች፤ «እህትህን አስቀድመህ ውሃ ያፈሰስህላት፣ እደግልኝ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ስትለው ልጁ ማስታጠቢያውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ምርቃቱን ለማግኘት ሲል ራሱ እየፈለገ ይታዘዛት ጀመር። ወሎ ውስጥ የሚሰጥ የወላጆች ሥልጠና ትምህርቱን ከዚህ ሊጀምር ይገባ ነበር እላለሁ፤ ምርቃት በየቤቱ ያለ፣ ዋጋ የማይጠይቅ፣ ልጁም ክብሩን የሚያውቀው ነገር ነውና። ሽልማት እንድንሰጥበት ያደሉን ባለ ኮከብ ሠንጠረዥ ከእናቴ ምርቃት ጋር ሲወዳደር ለልጃችን ምንም አልነበረም።

ስለ ትእዛዝ አሰጣጥ የተሰጠው ትምህርት አጭርና ጠቃሚ ነው። ከሌላ ክፍል ሆኖ ከመጮኽ ይልቅ ልጁ ያለበት ድረስ መሄድ፣ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ማየት፣ አንድ ነገር ብቻ ማዘዝ፣ «አትሩጥ» ከማለት «በእግርህ ሂድ» ብሎ ማድረግ ያለበትን መንገር፣ ከዚያ ዝም ብሎ ለአምስት ሰከንድ ያህል መጠበቅ። አሠልጣኙ እኛን ልጅ፣ ራሱን አባት አድርጎ «ና እንጂ፣ አትሰማም እንዴ፣ ስንቴ ልንገርህ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነህ» ብሎ ሲያወርድብን፣ ምን እንድናደርግ እንደታዘዝን መናገር የቻለ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

አምስተኛውና ስድስተኛው ሳምንት አደገኛ ያልሆነን ጩኸት በዝምታ ስለ ማሳለፍና ስለ መረጋጊያ ወንበር ነው። ጩኸትን ችላ ማለት ሲጀመር ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበፊቱ የበለጠ እንደሚጮኽ፣ ያን ጊዜ ተሸንፎ የፈለገውን መስጠትም ከመጀመሪያው የባሰ እንደሆነ አስቀድመው ባያስጠነቅቁን ኖሮ በሦስተኛው ቀን እንተወው ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርቱ የተዘጋጀው ራሱን ችሎ በሚኖር ቤተሰብ ልክ ነው። እኛ የምንኖረው አምስት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ልጁ መጮኽ ሲጀምር አንዷ ጎረቤታችን «ኧረ ልጁ ሞተ፣ ምን ጉድ ነው!» ብላ መጥታ አቅፋ ወሰደችው፤ ትኩስ አምባሻም አበላችው። ለአሠልጣኞቹ ይህን ስናገር «ለጎረቤት ማስረዳት ነው» ከማለት በቀር እንዴት እንደሚባል አልነገሩንም። መፍትሔውን ያገኘነው ቡና ጠርተን ነው፤ እናቴ ለግቢው እናቶች «ልጁን እያረምነው ነው፤ ሲጮኽ ብትሰሙ ለሩብ ሰዓት በራችሁን አትክፈቱ፤ ዝም ሲል ግን መጥታችሁ መርቁልኝ» አለቻቸው። አንዳቸውም ቃላቸውን አላጠፉም።

የመረጋጊያ ወንበሩ ልጅ ሰው ሲመታ ወይም ዕቃ ሲሰብር ለአጭር ጊዜ፣ ለአንድ የዕድሜው ዓመት አንድ ደቂቃ በሚሆን ልክ፣ የሚቀመጥበት ነው። ጨለማ ክፍል አይገባም፤ በር አይቆለፍበትም፤ አይሰደብም፤ ሲጨርስም የታዘዘውን ነገር ተመልሶ ይፈጽማል። መመሪያው «ጸጥ ያለ ክፍል» ይላል፤ የእኛ ቤት ሁለት ክፍል ሲሆን አንዱ ወጥ ቤትም ጭምር ነው። በርጩማ ከግድግዳው ሥር አስቀመጥን። በመጀመሪያው ቀን ከበርጩማው ስድስት ጊዜ ተነሣ፣ ስድስት ጊዜ ሳልናገር መልሼ አስቀመጥሁት፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንበሩን በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን እህቱን ገፍቶ ከጣላት በኋላ ራሱ ሄዶ ተቀመጠና «አባዬ፣ ሰዓቱን ያዝልኝ» አለኝ። ደቂቃው ሲሞላ ተነሥቶ የበተነውን ደብተሯን ሰበሰበላት።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። በምዝገባው ቀን የተጠየቅነው ስም፣ ስልክና የልጁን ዕድሜ ብቻ ነው። ከሠልጣኞቹ አንዷ «ልጄ አይሰማኝም» እያለች በየሳምንቱ ታለቅስ ነበር፤ የተማረችውን ሁሉ ብትሞክር ልጇ ላይ አልሠራ አለ። በአምስተኛው ሳምንት አሠልጣኟ ልጁን ወደ ሐኪም እንድትወስደው መከረቻት፤ ሲመረመር ለካ ጆሮው ታሞ ኖሮ የመስማት ችሎታው ቀንሷል። እናቲቱ ይህን ስትነግረን «አይሰማኝም ስል የኖርሁት እውነቴን ነበር፤ እኔ ግን ስመታው ኖርሁ» አለች። በቋንቋችን መስማትና መታዘዝ አንድ ቃል መሆናቸው ያን ዕለት ከበደኝ። የልጁን ጆሮ፣ ዓይን፣ እንቅልፍና አነጋገር የሚመለከቱ ጥቂት ጥያቄዎች በመጀመሪያው ቀን ቢቀርቡ ኖሮ ያ ልጅ ከአንድ ወር በላይ ባልተቀጣ ነበር።

በራሴም ልጅ ላይ ያልተጠየቀ ነገር ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ሌሊት ተነሥተን ወደ ደብረ ብርሃን የሸሸን ጊዜ በጀርባዬ ነበር። እስከ ዛሬ በር በኃይል ሲንኳኳ ፊቱ ይለወጣል፤ ከዚያ ይጮኻል፣ ይወረውራል። እኔ ይህን ከእልኸኝነቱ ለይቼ አላየሁትም። በስድስተኛው ሳምንት በአጋጣሚ ባነሣው አሠልጣኟ ከልጁ ጩኸት በፊት ፍርሃት መኖሩን እንድመለከት፣ የፈራ ልጅ ወንበሩ ላይ እንደማይቀመጥ፣ አጠገቡ ተቀምጦ እስኪረጋጋ መያዝ እንደሚገባ አስረዳችኝ። ምክሯ ትክክል ነበር፤ ግን በመጀመሪያው ቀን ልሰማው ይገባኝ ነበር። ያን ዘመን ያሳለፈ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የወልድያ ልጅ ስንት እንደሆነ ለሚያውቅ የሥልጠና ቤት ይህ ጥያቄ ከስም ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ዱላን በተመለከተ ክፍሉ ውስጥ ረጅም ክርክር ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከየእምነቱ እየጠቀሰ ልጅ ካልተመታ አይቀናም ያለ ነበር። አሠልጣኞቹ ማንንም ሳያሳፍሩ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው መደንገጉን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው የወላጆች ሥልጠና በስፋት እንዲዳረስ መምከሩን ነገሩን። ሰውን ያሳመነው ግን የሁላችን ደብተር ነው፤ በዱላ የተዘጋ ግጭት በዚያው ሳምንት ተመልሶ እንደመጣ በራሳችን እጅ ጽፈነዋል።

ጥቃቅኑን ባጭሩ ላንሣ። ሥልጠናው በሰዓቱ ተጀምሮ አያውቅም። አዳራሹ በኅዳር ብርድ የሚያንቀጠቅጥ ነው፤ ጋቢ ይዞ መሄድ ይበጃል። ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ደውሎ «እንዴት ሆናችሁ» ያለን የለም፤ ሦስተኛው ወር ላይ ልጁ ለሁለት ሳምንት ወደ ቀድሞው ፀባዩ ሲመለስ የምንጠይቀው ሰው ብናገኝ መልካም ነበር። ደብተሩን አውጥተን እንደገና መመዝገብ በመጀመራችን ነው የወጣነው፤ ምክንያቱ የመምህሩ መቀየር ሆኖ አገኘነው።

ሥልጠናው ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ይጠቅማል፤ ጎረምሳ ላለው ሰው አልመክረውም፣ ጨዋታውም ወንበሩም ለዚያ ዕድሜ አይሆኑም። አባት ካልመጣ ግማሹ ይባክናል፤ አያት ካልመጣች ደግሞ፣ በእኛ ቤት እንዳየሁት፣ ከግማሽ በላይ ይባክናል። ከስድስት ወር በኋላ በደብተራችን ላይ የሳምንቱ ግጭት ከ17 ወደ 4 ወርዷል፤ ከዚያ ከመጀመሪያው የደብተር ሳምንት ወዲህም እጄን አላነሣሁበትም።

ባለፈው ሳምንት ለሚቀጥለው ዙር ምዝገባ ሲጀመር ወደ ቢሮው ሄጄ የጆሮውንና የጦርነቱን ዘመን ጥያቄ በምዝገባ ቅጹ ላይ እንዲያስገቡ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ ተቀብለው ፈርመውልኛል። በዚያው እናቴን አስመዘገብሁ። ክፍያው ለቤተሰብ ስለሆነ እሷና ባለቤቴ አብረው ይገባሉ፤ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃለች፣ ምርቃት የሚለው ርእስ ሲደርስ እንድታስተምር።